ስለ አፍሪካ የታተመ ጨርቅ አቆራረጥ

በቤት ውስጥ ከሚሠሩት ሙያዎች ብዙዎቹ ቢሳሳቱ የሚታረሙ ናቸው። ወጡ ጨው ቢያንሰው ይጨመርበታል፤ ስፌቱ ቢጣመም ተተርትሮ እንደገና ይሰፋል፤ የተጻፈ ደብዳቤም ቢበላሽ ሌላ ወረቀት ይገኛል። የጨርቅ አቆራረጥ ግን እንደዚህ አይደለም። መቀስ የለየውን ድርና ማግ መርፌ ሊያጋጥመው ይችላል እንጂ እንደ ቀድሞው አንድ ሊያደርገው አይችልም። «አሥር ጊዜ ለካ፤ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የተባለውም የመቀስ ፍርድ ይግባኝ የሌለው ስለ ሆነ ነው።

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንናገረው በምዕራብ አፍሪካ አገሮች፣ ይኸውም በጋና፣ በቶጎ፣ በኮት ዲቯርና በናይጄሪያ ሴቱም ወንዱም ስለሚለብሰው በሰም አሠራር ስለሚታተመው የጥጥ ጨርቅ ነው። ናይጄሪያውያን «አንካራ» ይሉታል፤ ፈረንሳይኛ በሚነገርባቸው አገሮች «ፓኝ» ይባላል፤ በምሥራቅ አፍሪካም ለእርሱ የቀረበው «ኪቴንጌ» የሚባለው ነው። በእኛም ከተሞች አልፎ አልፎ ተሰፍቶ ሲለበስ ስለሚታይ፣ ጠባዩን ሳያውቁ መቀስ ማንሣት ገንዘብንም ድካምንም የሚያጠፋ መሆኑን ማስታወቅ ተገቢ ሆኖ ይታየናል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዚህ ጨርቅ ሥራ ከሩቅ አገር የመጣ ነው። በጃዋ ደሴት የሚኖሩ ባለ እጆች በጨርቅ ላይ በቀለጠ ሰም ይሥላሉ፤ ቀጥለውም ጨርቁን በቀለም ይነክሩታል፤ ሰሙ ያረፈበት ስፍራ ቀለም ስለማይጠጣ፣ ሰሙ በተነሣ ጊዜ ሥዕሉ ይገለጣል። ይህ ጥበብ ባቲክ ይባላል። በ19ኛው መቶ ዓመት ሆላንዳውያን ይህን የእጅ ሥራ በመኪና ለመሥራት ተነሡ። ፒተር ፈንተነር ፋን ፍሊሲንገን በ1846 ዓ.ም. በሄልሞንድ ከተማ ያቋቋመው የጨርቅ ማተሚያ ኋላ ቭሊስኮ ተብሎ የታወቀው ነው። በመኪናው ሥራ ሰሙን የተካው ሙጫ እየተሰነጠቀ ቀለም በስንጥቁ ስለሚገባ፣ በጨርቁ ላይ እንደ ደም ሥር ያለ ቀጭን መስመር ይቀራል። ይህ መስመር በጃዋ ገበያ እንደ ጉድለት ሲቆጠር በምዕራብ አፍሪካ ግን እንደ ውበት ተወደደ። በ1890ዎቹ ዓመታትም ኤቤኔዘር ብራውን ፍሌሚንግ የተባለ የስኮትላንድ ሰው ጨርቁን በጎልድ ኮስት፣ ይኸውም በዛሬዪቱ ጋና፣ በብዛት ይነግድ ጀመር። ከነጻነት በኋላም አፍሪካውያኑ አገሮች በየራሳቸው ማተም ጀመሩ፤ በጋና በቴማ ከተማ ጂ.ቲ.ፒ. የተባለው ፋብሪካ በ1966 ዓ.ም. ተቋቋመ።

ጨርቁን የሚያትመው ፋብሪካው ይሁን እንጂ፣ ስም የሚያወጡለት በገበያ የሚሸጡትና የሚለብሱት ሴቶች ናቸው። በጋና ወፎች የሚበሩበት አንድ የታወቀ ጨርቅ «ገንዘብ ክንፍ አለው» ይባላል፤ ነጠብጣቡ እንደ ውሃ ክበብ እየሰፋ የሚሄደው ደግሞ «የጉድጓድ ውሃ» ይባላል። በኮት ዲቯር ከቀፏቸው የሚወጡ ወፎች ያሉበት ጨርቅ «ብትወጣ እወጣለሁ» የሚል ስም አለው፤ ሚስት ለባሏ በአፏ የማትናገረውን በልብሷ ትናገርበታለች። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ጨርቅ የሚቆርጥ ሰው የሚቆርጠው ጥጥ ብቻ አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባዋል። ወፏን ከአንገቷ ላይ ቢቆርጣት የለባሿን ቃል ከመካከሉ ቆርጦባታል ማለት ነው።

ከዚህም በላይ ያልተቆረጠ ጨርቅ በዚያ አገር ሀብት ነው። ጨርቁ በያርድ ይሸጣል፤ ሙሉው 12 ያርድ፣ ግማሹ 6 ያርድ፣ ትንሹም 2 ያርድ ነው። 6 ያርድ ማለት አምስት ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን ወርዱ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለሙሽራ ከሚሰጠው ስጦታ መካከል ጨርቅ ይገኝበታል፤ እናት ስትሞትም በሣጥኗ ያኖረችው ጨርቅ ለሴት ልጆቿ ይከፋፈላል። ያልተቆረጠ ጨርቅ የማንንም ሰውነት ልክ አይጠይቅም፤ ቢቸግር ይሸጣል፤ ደስታ ቢመጣ ይሰጣል። ከተቆረጠ በኋላ ግን የአንድ ሰው ልብስ እንጂ የቤት ገንዘብ አይደለም። በጥር ወር 1994 ዓ.ም. በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ የሚሠራበት የሴ.ኤፍ.አ. ፍራንክ ከፈረንሳይ ፍራንክ ጋር የነበረው ዋጋ በግማሽ በወረደ ጊዜ፣ ከሆላንድ የሚመጣው ጨርቅ ለገዢው እጥፍ ያህል ከበደ፤ «ናና ቤንዝ» እየተባሉ የሚጠሩት የሎሜ ባለጠጋ ሴት ነጋዴዎችም ንግዳቸው ክፉኛ ተጎዳ። ጨርቁ በተወደደ መጠን ከመቁረጥ በፊት ማሰብም አብሮ ይወደዳል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ እንዴት ይቆረጥ ሳይሆን ይቆረጥን? የሚል ነው። ብልሆቹ የጋናና የቶጎ ሴቶች ለዚህ የቆየ መልስ አላቸው። 6 ያርዱን በሦስት ይከፍሉታል፤ ሁለቱ ያርድ ለላይኛው ልብስ፣ ሁለቱ ለጉርዱ ይሆናል፤ ሦስተኛው ሁለት ያርድ ግን ሳይቆረጥ ይቀራል። እርሱንም በወገባቸው ይሸርጡታል፣ በትከሻቸው ያኖሩታል፣ ሕፃንም ያዝሉበታል። ልብሱ ኋላ ቢጠብ ወይም ቢቀደድ መጠገኛው ከዚያው ይገኛል። ከእናቷ የወረሰችውን አንድ ጨርቅ ብቻ የያዘች ልጅ ደግሞ ከነጭራሹ ሳትቆርጠው እንደ ሽርጥ ብትለብሰው ጌጥም ሀብትም ይሆንላታል። በእኛም አገር ነጠላ የሚለበሰው ሳይቆረጥ አይደለምን?

መቁረጥ ከተቆረጠ ግን የሚከተለውን ሥርዓት መጠበቅ ያስፈልጋል።

አንደኛ፤ ጨርቁን ገልብጦ መመርመር ነው። በእውነተኛው የሰም አሠራር የታተመ ጨርቅ ሙጫውም ቀለሙም በሁለቱም ፊት ስለሚገባ ውስጡና ውጭው እምብዛም አይለይም። በአንድ ፊት ብቻ የሚታተመው ርካሹ ዓይነት ግን ጀርባው ደብዛዛ ነው። ይህን ማወቅ ለቆራጩ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ተሳስቶ ሁለት የግራ እጅጌ የቆረጠ ሰው፣ ጨርቁ ሁለት ፊት ካለው አንዱን ገልብጦ የቀኝ ሊያደርገው ይችላል፤ በአንድ ፊት የታተመ ከሆነ ግን መዳኛ የለውም። በጨርቁ ዳር ላይ ያለው ጽሕፈትም ይነበባል፤ ነገር ግን አስመሳዮች ጽሕፈቱንም ጭምር ስለሚያስመስሉ፣ የዳሩን ቃል ብቻ ምስክር አድርጎ መቀበል አይገባም።

ሁለተኛ፤ ማጠብ ነው። ብዙ ሰዎች የአዲሱን ጨርቅ ወዝ ላለማጣት ሳያጥቡ ይቆርጣሉ፤ ልብሱም በመጀመሪያው አጠባ ያጥርባቸዋል። የጥጥ ጨርቅ የሚሰበሰብ መሆኑን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ከጨርቁ ጫፍ በሁሉም ወገን 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ወስዶ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መተኮስና እንደገና መለካት ነው። 20 የነበረው 19 ሆኖ ቢገኝ ከመቶ አምስት ቀንሷል ማለት ነው፤ እንግዲያስ ቁመቱ 120 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀሚስ 6 ሳንቲ ሜትር ሊያጥር ነው። ጨርቁን ብቻውን በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ፣ በጥላ ማድረቅ፣ በጀርባውም በኩል መተኮስ ይበጃል። በዚያው ቁራጭ ቀለሙ የሚለቅ መሆኑም ይታወቃል።

ሦስተኛ፤ ድርና ማጉን ማቅናት ነው። ድሩ በጨርቁ ቁመት፣ ማጉም በወርዱ ይሄዳል። በገበያ ሲቀደድ ወይም ሲቆረጥ ጫፉ ስለሚጣመም፣ አንድ የማግ ክር ከዳር እስከ ዳር ስቦ በመንገዱ መቁረጥ ጫፉን ያቀናዋል። የልብሱ ቁመት በድሩ መንገድ ካልሄደ ጉርዱ ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ አንድ ወገን ይዞራል። ለአንገትጌ መጠቅለያ የሚሆነው ቀጭን ቁራጭ ብቻ፣ አንገቱን ተከትሎ እንዲታጠፍ በሰያፍ ይቆረጣል። የጨርቁ ዳር ከመካከሉ ይልቅ የጠበቀ ስለ ሆነ ሲታጠብ ስፌቱን እንዳይሰበስበው ከልኩ ውጭ ቢተው ይሻላል።

አራተኛ፤ ሥዕሉን ማንበብ ነው። ጨርቁን በሙሉ በጠረጴዛ ወይም በንጹሕ ወለል ላይ ዘርግቶ፣ ጥቂት ራቅ ብሎ ቆሞ መመልከት ይገባል። ሥዕሉ ራስና እግር አለውን? ወፎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን የሚበሩ ከሆነ ጨርቁ ላይና ታች አለው ማለት ነው። ጨርቁ ዳር ከዳር ጋር ቢታጠፍ የሁለቱም ንጣፍ ሥዕል ወደ አንድ አቅጣጫ ይቆማል፤ ጫፍ ከጫፍ ጋር ቢታጠፍ ግን የታችኛው ንጣፍ ይገለበጣል። ይህን ያላስተዋለ ሰፊ የፊቱን ወፍ ወደ ላይ፣ የኋላውን ወፍ ወደ ታች አብርሮ ሥራውን ያስረክባል።

ቀጥሎ ሥዕሉ በየስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚደጋገም ይለካል። በየ40 ሳንቲ ሜትር የሚደጋገም ቢሆንና 60 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው ሁለት ተመሳሳይ ቁራጮች በአንድ መስመር ላይ ቢፈለጉ፣ የመጀመሪያው ከ0 ቢጀምር ሁለተኛው የሚጀምረው ከ60 ሳይሆን ከ80 ነው፤ በመካከላቸው 20 ሳንቲ ሜትር ለሌላ ሥራ ይተርፋል። እንግዲህ ትልቅ ሥዕል ያለው ጨርቅ ከትንሽ ሥዕል ጨርቅ የበለጠ ያርድ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ሒሳብ ከመግዛት በፊት እንጂ መቀስ ከተነሣ በኋላ ማድረግ አይጠቅምም። ቀጫጭኑ የስንጥቅ መስመር ግን በአንዱ ስፍራና በሌላው አንድ ስለማይሆን እርሱን ለማጋጠም መድከም ከንቱ ነው፤ የሚጋጠመው ዋናው ሥዕል ነው።

አምስተኛ፤ የወረቀቱን ልክ ማሳረፍ ነው። ትልቁ ሥዕል በጀርባ መካከል ወይም በጉርዱ ፊት ቢውል ያምራል። ክብ ሥዕል ግን በደረት ግራና ቀኝ እንዳያርፍ መጠንቀቅ ነው፤ ለባሿን የሰው ዓይን መጫወቻ ያደርጋታልና። የሁለቱ እጅጌዎች ሥዕል እኩል ከፍታ ላይ ይዋል። ልብሱ በፊት በኩል በቁልፍ የሚዘጋ ከሆነ፣ ሥዕሉ መጋጠም ያለበት በተቆረጠው ጠርዝ ሳይሆን ቁልፉ በሚውልበት መስመር ነው፤ እንዲሁም በጎን ስፌት የሚጋጠመው የስፌቱ መስመር እንጂ የጨርቁ ጫፍ አይደለም። ብዙ የታወቁ ሰፊዎች እንኳ የሚስቱት በዚህ ነው። የእኛ ሸማ ሰፊዎች የቀሚሱን ጥበብ ከፊትና ከኋላ መካከል ለመካከል ሲያውሉ የሚጠነቀቁትን ጥንቃቄ ማሰብ ነገሩን ያስረዳል።

ለዚህም ሥራ ጨርቁን ሳያጥፉ በነጠላ ንጣፍ መቁረጥ የተሻለ ነው። የቀኙ ከተቆረጠ በኋላ ወረቀቱ ተገልብጦ ለግራው ይቀመጣል። ሁሉም ቁራጭ በስፒል ተይዞ፣ በጠመኔ ተከቦ፣ ምንም ሳይቀር በጨርቁ ላይ መብቃቱ ከታየ በኋላ ብቻ መቀስ ይነሣ። አንዱን ቆርጦ ለሌላው ቦታ መፈለግ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለውን ያመጣል።

ስድስተኛ፤ የመቀሱ ነገር ነው። ጨርቅ የሚቆርጥ መቀስ ወረቀት አይቁረጥ፤ ወረቀት ስለቱን ይበላዋልና። ጨርቁ ከጠረጴዛው አይነሣ፤ የመቀሱ የታችኛው ስለት ጠረጴዛውን እየዳሰሰ ይሂድ፣ ሌላውም እጅ ጨርቁን ተጭኖ ይያዝ። በረጅሙ ይቆረጥ፤ በአጭር በአጭሩ የተቆረጠ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። ለተራው ስፌት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ይበቃል፤ በጎንና በወገብ ግን ሦስት ሳንቲ ሜትር ቢተርፍ መልካም ነው። ሰውነት ከዓመት ወደ ዓመት ይለወጣል፤ ሴት ትወልዳለች፤ ጥሩ ጨርቅ ደግሞ ከአንድ የሰውነት ልክ ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል። በጎኑ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያስቀረች ሰፊ ለዚያ ልብስ ተጨማሪ ዕድሜ ሰጥታዋለች።

ሰባተኛ፤ ቁርጥራጩን አለመጣል ነው። ከትልቁ ትርፍ የራስ ሻሽ ወይም የሕፃን ልብስ ይወጣል፤ ከትንሹም ኪስ፣ የቁልፍ መሸፈኛና የዕቃ መያዣ ቦርሳ ይሠራል። ቢያንስ አንድ ቁራጭ ለመጠገኛ ይቀመጥ፤ ከልብሱም ጋር አብሮ ይታጠብ፤ አለዚያ ልብሱ ሲደበዝዝ መጠገኛው አዲስ ሆኖ ይጮኻል።

በጋናና በናይጄሪያ ብዙዎቹ ልብስ ሰፊዎች የወረቀት ልክ ሳይዙ በሜትርና በጠመኔ በጨርቁ ላይ በቀጥታ ይለካሉ። ይህ በእጃቸው ያለው ዕውቀት የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን ወደዚህ የሚደረሰው በአንድ ቀን አይደለም። ልጃገረዶቹ «ማዳም» ብለው ከሚጠሯት ባለሙያ ዘንድ ለዓመታት እየተቀመጡ፣ መጀመሪያ ያገለገለ ወረቀት፣ ኋላም ርካሽ ጨርቅ እየቆረጡ ይማራሉ። የሰው ጨርቅ መማሪያ አይደለም። አስተማሪዋ የደንበኛዋን 6 ያርድ ለጀማሪ ተማሪ ብትሰጥ ተማሪዋንም ደንበኛዋንም በድላለች፤ አንዷ እጇን ትፈራለች፣ ሌላዋ ጨርቋን ታጣለችና።

ስለ ደንበኛና ስለ ሰፊ ይህን ጨምረን እንናገር። በዚህ ነገር የሚነሣው ጠብ አብዛኛውን ጊዜ ከክፋት ሳይሆን አስቀድሞ ካልተነጋገሩበት ነገር የሚመጣ ነው። አንዷ «ወፉ በጀርባዬ እንዲሆን ነግሬሽ ነበር» ትላለች፤ ሌላዋ «አልሰማሁም» ትላለች። አንዷ «ሁለት ያርድ መትረፍ ነበረበት» ስትል ሌላዋ «አልተረፈም» ትላለች። ጨርቁ ተቆርጧልና እውነቱን የሚመሰክር ነገር የለም፤ ዳኛም ቢሆን የፈሰሰ ውሃ አያሳፍስም። ስለዚህ ጨርቁ በሁለቱ ፊት ይለካ፤ ያርዱ፣ የሥዕሉ አቀማመጥ፣ የሰውነቱ ልክ፣ ዋጋውና የሚያልቅበት ቀን በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ይጻፍ፤ ቅጂውም በሁለቱ እጅ ይቀመጥ። ትርፉ ጨርቅ የባለ ጨርቋ ስለ ሆነ ከልብሱ ጋር ይመለስላት። እንዲህ ያለው ጽሕፈት አለመተማመን አይደለም፤ ወዳጅነትን ከጠብ የሚጠብቅ አጥር ነው።

እመቤቶች ሆይ፤ እናንተም ልጆቻችሁን መርፌ መያዝ ስታስተምሩ ከመርፌው በፊት መለካትን፣ ከመለካትም በፊት መጠየቅን አስተምሯቸው። ይህ ጨርቅ ከየት መጣ? ማን ገዛው? ማን ያዝንበታል? የእናት ውርስ ወይም የሙሽራ ስጦታ ከሆነ፣ መቀሱን የምትይዘው እጅ የሌላውን ሰው መታሰቢያ መያዟን ትወቅ። መልሱ ከተገኘ በኋላ ግን መፍራት አይገባም። በሣጥን ውስጥ ብል የበላው ጨርቅ ለማንም ሀብት ሆኖ አያውቅም፤ በሚገባ ተለክቶ፣ በሚገባ ተቆርጦ የተሰፋ ልብስ ግን የገዛችውንም የሰፋችውንም ያስከብራል።